አሰናብቱኝ፣ አባ

ሰው ሲያወራው «በቀበቶ መታት» ይላል። በቀበቶ አልነበረም። ወንድሜ ታናሽ እህታችንን የመታት በወፍጮ ቺንጋ ነው። የወፍጮውን ሞተር ከድንጋዩ ጋር አያይዞ የሚያዞረው፣ ከአውራ ጣት የወፈረ የጎማ ማሰሪያ ነው ቺንጋ። አርጅቶ በሌላ ከተለወጠ በኋላ ከወፍጮ ቤቱ በር ጀርባ ሚስማር ላይ ተንጠልጥሎ ይውል ነበር። ቀበቶ ቆዳ ይልጣል፤ ቺንጋ ሥጋ ውስጥ ይገባል። ነገሩ ከሚጻፍ በትክክል ይጻፍ ብዬ ነው።

እኔ ፊደል የቆጠርኩት እኩዮቼ ልጆቻቸውን ትምህርት ቤት በሚያስመዘግቡበት ዕድሜ ነው። ልጅ ሳለሁ ከወፍጮው ሥር ዱቄት እጠርግ ነበር። አሁን ከሚሴ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የመጻሕፍት ክፍል እሠራለሁ። አያታችን በጸሐፊነት ተመድቦ መጥቶ እዚሁ ቀረ። አባታችን ወፍጮውን ተከለ፣ ሲሞትም ወፍጮው ለወንድማችን ሆነ። እናታችን፣ እህቴና እኔ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር የምንኖረው። የሞተሩን ድምፅ ስለለመድነው፣ የሚያስደነግጠን ሲቆም ነበር።

ጦርነቱ እኛ ዘንድ በደረሰበት ዓመት፣ የጨፋ ማሽላ ከሰው ቁመት በልጦ በቆመበት ወቅት፣ እህቴ ጨፋ ሮቢት ገበያ ሄደች። ባልዲና ሳፋ ትሸጥ ነበር። ስትመለስ የተሳፈሩባትን መኪና መሣሪያ የያዙ ወንዶች አስቆሙ። አሮጊቶቹን «ሂዱ» አሏቸው። እህቴን አስቀሯት።

አጥር የምንጋራት ጎረቤታችን፣ ቅቤ የምትነግድ እስላም ሴት፣ እዚያው መኪና ላይ ነበረች። እሷንም ሂጂ አሏት። አልሄደችም። አስፋልቱ ዳር ቁጭ አለች። አንዱ መጥቶ በጫማው ጎኗን ረገጣት፤ ተነሥታ ጥቂት ራቅ አለችና እንደገና ቁጭ አለች። እነሱ ሲሄዱ ማሽላው ውስጥ ገባች። እህቴን ያገኘቻት አፏ በአፈርና በማሽላ ቅጠል ተሞልቶ ነው። ሁለት የፊት ጥርሶቿ የሉም። ጎረቤታችን በራሷ ሻርፕ ጠቅልላ፣ ግማሽ ተሸክማ ግማሽ ጎትታ አመጣቻት። በራችን ላይ ስትደርስ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «ኢንተለ ኮ፣ አብሽሪ። ልጄ፣ አብሽሪ።»

«የየትኛው ወገን ሰዎች ነበሩ?» ብሎ ያልጠየቀን ሰው የለም። ቄስም፣ ሼህም፣ ሹምም ጠየቀ። እህቴ አንድ መልስ ነበራት፦ «ወንዶች ነበሩ። መሣሪያ ይዘው ነበር።» አገራችን ውስጥ ያ ጥያቄ መልስ ካገኘ የማን ቤት እንደሚቃጠል ታውቃለች። እኔም አልጽፈውም።

ቁስሏ መጠጠ። ከዚያ ጠዋት ጠዋት ማስመለስ ጀመራት።

ቀድማ የነገረችው ለእኔ ነው። ልብስ ስናሰጣ፣ ከአንሶላ ጀርባ ቆማ፣ ፊቷን ሳላይ ተናገረች።

«እታለም፣ ሁለት ነገር ነው የምፈልገው። ይሄ ነገር ከሆዴ ይውጣልኝ። ደግሞ ከቤተ ክርስቲያኔ እንዳልወጣ።»

«ሁለቱ…»

«አንዱን ምረጪ እንዳትይኝ። የወሰዱብኝ ይበቃል።»

ሰንበት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ወጣቱ ቄስ እኔ ከምሠራበት ክፍል መጽሐፍ ይዋሱ ነበር፣ በተለይ የመልክዐ ምድር። ሲመጡ ጠብቄ፣ የማንንም ስም ሳልጠራ፣ ተደፍራ ያረገዘች ክርስቲያን ብታስወርድ ምን ትሆናለች አልኳቸው። መጽሐፉን ከደኑት።

«ኃጢአት አይደለም ብዬ አልዋሽሽም፤ የተፀነሰው ነፍስ ነው። ግን ይህን ኃጢአት ማን አመጣው ብለው ቢጠይቁኝ፣ ጣቴ መጀመሪያ ወደ እሷ አይቀሰርም።»

«ሌላ ሰው ቢጠይቅዎት ሳይሆን፣ እሷ ራሷ ብትመጣስ?»

«ብትመጣ አልመልሳትም። በፊት ትምጣ፣ በኋላ ትምጣ፣ ቀኖና ሰጥቼ አብሬያት እሰግዳለሁ።» ወደ በሩ ሄደው ተመለሱ። «የንስሐ አባት አላት?»

«አላት።»

«እንግዲያው እሳቸው ያሰናብቷት። ሳትሰናበት መስቀሌን አላሳርፍባትም። የሌላ አባት ልጅ ነጥቄ አልወስድም።»

ደንቡ እንዲህ ነው። አንድ ቤተሰብ አንድ የንስሐ አባት ይኖረዋል፣ ልጅም ከእናቱ ይወርሰዋል። ጠበል የሚረጩልን፣ የምንናዘዝላቸው፣ ስንሞት የሚፈቱን እሳቸው ናቸው። ወደ ሌላ ቄስ መሄድ የፈለገ ሰው መጀመሪያ የፊተኛው «ተሰናብተሃል» ሊሉት ይገባል። ካላሉት፣ ሌላው ቄስ የሚሰጡት የኃጢአት ፍታት እንደ ስርቆት ይቆጠራል።

የእኛ የንስሐ አባት ትልቁ ቄስ ነበሩ። ሦስታችንንም ያጠመቁን፣ አባታችንን የቀበሩት እሳቸው ናቸው። በጦርነቱ ካህኑም ዲያቆኑም ሲሸሽ እሳቸው ከታቦቱ አልለይም ብለው ብቻቸውን ቀሩ። ታጣቂዎች በሰደፍ ቀኝ ትከሻቸውን ሰብረውባቸዋል። ከዚያ ወዲህ መስቀል የሚያሳልሙት በግራ እጃቸው ነው። የሚናገሩትን ነገር ማንም ቀለል አድርጎ አይሰማውም ነበር፣ እኔም ጭምር።

ነገሩን ለእናቴ ነግረናት ነበር። ጠበል ሊረጩ ሲመጡ ለብቻቸው አግኝታ፣ «አባ፣ ትንሿን ልጅ ያሰናብቱልኝ» አለቻቸው።

«ምን አጠፋሁባችሁ?» አሉ።

እናቴ ለቄስ መዋሸት አትችልም። ሁሉንም ነገረቻቸው። ለንስሐ አባት የተነገረ ሁሉ የተቀበረ ነገር ነው ብላ ነበር የምታምነው። የእኛ ቤት ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ይህ ነው፤ እናት ለልጇ ገንዘብ ትበደራለች፣ ለልጇ ትጾማለች፣ ለልጇ የምትናዘዝም መሰላት።

ትልቁ ቄስ ግን እንዲህ አሏት፦ «የራስሽን ኃጢአት ብትነግሪኝ መቃብር ይዤው እወርድ ነበር። የነገርሽኝ ግን ገና ያልተሠራ ግድያ ነው። በዚህ ዓመት ሬሳ በየመንገዱ ስለቅም ከርሜያለሁ። በማህፀን ያለውን ደግሞ ልጨምርበት? አላሰናብታትም።»

ጠበሉን ሳይረጩ ወጡ። በወፍጮ ቤቱ በኩል ነበር የወጡት።

ለወንድሜ ያሉትን እሱ ራሱ በኋላ ነግሮናል፤ እሳቸውም አልካዱም። «እህትህን ከጤና ጣቢያ አርቃት። ነፍስ ልታጠፋ ነው። ፅንሱን ከዚያች ልጅ ሆድ ያወጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ነፍሰ ገዳይ ነው። ከደጀ ሰላም አያልፍም።»

ሞተሩ ቆመ። እናቴም እኔም ቀና አልን።

ወንድሜ እንደገባ በሩን ከውስጥ ቀረቀረው። ከቅንድቡ እስከ ጫማው ዱቄት ነበር። ቺንጋውን በእጁ ጠቅልሎ ይዞታል።

«ማንን ልትገድይ ነው?» አላት። «ንገሪኝ! ማንን?»

እህቴ ጎመን እየቀነጠሰች ነበር። አልተነሣችም።

«ጋሼ፣ አንተ ያን ቀን የት ነበርክ?»

የት እንደነበረ ሁላችንም እናውቃለን። ከወንዶቹ ጋር ቦርከናን ተሻግሮ ሸሽቶ ነበር። አልፈረድንበትም፤ ከቀሩት ወንዶች ብዙዎቹ ተረሽነዋል። ግን ማንም በአፉ ብሎት አያውቅም ነበር።

የመጀመሪያው ምት ጀርባዋ ላይ አረፈ። ድምፁ የእርጥብ ጆንያ ድምፅ ነው። ሁለተኛው ስትዞር ጎኗን አገኘው። እናቴ እግሩ ላይ ወደቀች፤ ረግጧት አለፈ። እኔ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ። ግድግዳው ላይ ወረወረኝ፣ መነጽሬ ተሰበረ፣ ቅንድቤ ተተረተረ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ያየሁት በአንድ ዓይኔ፣ ደብዝዞ ነው። እህቴ ወለሉ ላይ ተጠቅልላለች። «አትሄጂም! አትሄጂም!» ይላል፣ በየቃሉ ይመታል። ሆዷን በእጇ ሸፈነች። ጣቶቿን መታቸው። እጇን ስታነሣ ሆዷን መታው።

አጥሩ ተሰነጠቀ። ጎረቤታችን የቡና መውቀጫዋን ዘነዘና ይዛ በጓሮ በር ገባች። «ዲሲ! ተው!» አለች አንዴ። አልተወም። ቺንጋውን ሊያነሣ እጁን ወደ ላይ ሲያደርግ በዘነዘናው የእጁን አንጓ አለችው። የአጥንቱ ድምፅ እንደ ደረቅ አገዳ ነበር። ቺንጋው ወደቀ። ወንድሜ እጁን አቅፎ በጉልበቱ ተንበረከከ፤ ዱቄት በተቀባ ፊቱ ላይ እንባው መንገድ ሠራ።

«ድገሚኝ» አላት።

«አንተን ብደግም ዘነዘናዬን አረከስኩት» አለችው። ወደ እህቴ ጎንበስ ስትል ቀሚሷ ከወገቧ በታች ጠቁሮ አየችው። ደሙ ወለሉ ላይ ወደ ጎመኑ እየሄደ ነበር።

ባጃጅ ላይ እህቴን ጭኔ ላይ አስተኝቼ ሄድኩ። ነጂው በመስታወቱ እያየ «ቀስ ልበል ወይስ ልፍጠን?» እያለ ይጠይቃል፤ ጎረቤታችን «ሁለቱንም!» ትለዋለች። ጤና ጣቢያ እንደደረስን አስገቧት። ነርሷ ስትወጣ ጓንቷን እያወለቀች፣ ፅንሱ ወርዷል፣ የቀረው እሷን ማትረፍ ነው አለችን። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ተደፍራ ከሆነ እኮ ሕጉ ይፈቅድላት ነበር። ቃሏ ብቻ ይበቃ ነበር» አለች።

ወንድሜ ትንሽ ቆይቶ በሌላ ባጃጅ መጣ። አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ እሱ ከዚያ ጫፍ እኔ ከዚህ ጫፍ ተቀመጥን። ለእጁ ጄሶ ሲያቦኩለት «ነፍስ ተረፈ?» አለኝ። ስለ እህቴ መስሎኝ «አላወቅንም» አልኩት። «ልጁን ነው የምልሽ» አለኝ። ሳየው ጊዜ ገባው። ጭንቅላቱን ከግድግዳው ጋር ያጋጭ ጀመር፤ ሁለት አስታማሚዎች ይዘው አስቆሙት። እኔ አልያዝኩትም።

እህቴ ተረፈች። ጎረቤታችን አጥሚት እያመጣች አልጋዋ አጠገብ ትቀመጥ ነበር። ስለ ሁለቱ ቄሶች ሳጫውታት ሳቀች። «የእኛም ሼሆች በዚህ ነገር ይጣላሉ፤ አንዱ ይህን ያህል ቀን ይላል፣ ሌላው ጭራሽ ይላል። ወላሂ፣ በማህፀን ነገር የሚሟገት ማህፀን ያለው ሰው አላየሁም።» እህቴ ጥርሷ በሌለበት ሳቀችና ጎኗን ያዘች።

እናቴ አንድ ቀን ደስ ብሏት ገባች። ወንድማችን ተናዟል፤ ትልቁ ቄስ አዝነውለት ጥቂት ጾም፣ ጥቂት ስግደት ሰጥተው ፈትተውታል። ዛሬ ነገ ይቆርባል። «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቤታችን ሰላም ሊሆን ነው» አለች።

እህቴ ፊቷን ከግድግዳው መለሰች።

«እማ፣ ለእኔ ያሉትስ?»

«አንቺማ አላደረግሽውም፣ የኔ ዓለም። ምን አለብሽ?»

«ከደጀ ሰላም አያልፍም ነው ያሉት። ማንም ይሁን ማን ነው ያሉት።»

መሄድ እንደቻለች፣ በመጀመሪያው እሑድ፣ ልውሰድሽ ሳልላት ነጠላዋን ለበሰች። ቅዳሴ ካለቀ በኋላ የሰንበቴው አባላት በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ባለው ዳስ ተሰብስበው ዳቦ ይቆርሳሉ፣ ጠላ ይጠጣሉ፤ ተረኛው ያዘጋጃል፣ ቄስ ይባርካል። የዚያን ዕለት ተረኛው የእኛ ቤት ነበር። ወንድሜ ጄሶ ያለበትን እጁን በአንገቱ አንጠልጥሎ፣ በደኅናው እጁ ዳቦ ያድላል።

ስንደርስ ሁለቱ ቄሶች በክርክር ተያይዘው ነበር። ወጣቱ ቄስ ዳቦውን አልቀበልም ብለዋል።

«ሴቲቱ ብታደርገው ዓመታት በደጅ፣ ለወንዱ ግን ጥቂት ስግደት!» ይላሉ። «ይህ ቀኖና ነው ወይስ ዝምድና?»

«አንተ ገና ላልተሠራ ኃጢአት ፍታት ልትሰጥ ቃል የገባህ ሰው ነህ!»

«ፍታት አልሰጠሁም! አልጥላትም ነው ያልኩት!»

«ነፍስ የሚያጠፋን ሰው አለሁልህ ማለት ቢላ ማቀበል ነው!»

«ቺንጋስ ማን አቀበለ?»

ከወንድሜ ጓደኞች አንዱ ተነሥቶ ወጣቱን ቄስ በደረታቸው ገፋቸው። ጥምጥማቸው ወድቆ የፈሰሰ ጠላ ላይ አረፈ። ሴቶቹ ጮኹ። ያኔ ነው እህቴ ከመሀል የገባችው። አንካሳ ሆና የመጣች ሴት ናት፤ የመታት ሰው ዳቦ ይዞ ቆሟል፤ ሁሉም ያውቃል።

«ይፍቱኝ፣ አባ» አለች ለትልቁ ቄስ።

«እግዚአብሔር ይፍታሽ።»

«ፅንሱን ከዚያች ልጅ ሆድ ያወጣ፣ ማንም ይሁን ማን፣ ከደጀ ሰላም አያልፍም ብለው ነበር?»

«ብያለሁ።»

«ያወጣው ይኸው ዳቦ እያደለ ነው።»

«ሴት በሰንበቴ መሀል ትሟገታለች እንዴ!» አለ አንድ ሽማግሌ ከዳር።

«አንተ ጠላህን ጠጣ!» አለችው ሚስቱ።

ትልቁ ቄስ እጃቸውን አነሡ። «ልጄ፣ ወንድምሽ አስቦ አላደረገውም። ሊያድን ብሎ ነው።»

«እኔስ አስቤ ነው ማሽላው ውስጥ የገባሁት?»

ወንድሜ ዳቦውን ጥሎ ወደ እሷ ተንደረደረ። ሊመታት ይሁን ሊወድቅባት ዛሬም አላውቅም፤ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም። ወጣቱ ቄስ ራሳቸው እንደተገለጠ ከፊቷ ቆሙ። የወንድሜ ጓደኛ ዱላ አነሣ። የዳሱ ምሰሶ ተናጋ፣ እንስራ ተሰበረ፣ ከየጎኑ ዱላ ወጣ። አንድ ሰው አፉን ይዞ ደም ሲተፋ አየሁ። የጓደኛው ዱላ ወጣቱን ቄስ ፍለጋ ሲወርድ ትልቁ ቄስ መሀል ገቡ። ያረፈው ትከሻቸው ላይ ነው፣ በዚያው በተሰበረው።

መሬት ተቀምጠው ቀሩ። ፊታቸው አመድ መሰለ። ዱላዎቹ አንድ በአንድ ወረዱ።

«ተውት» አሉ፣ የመታቸውን ሰው ሌሎች ሲይዙት። ከዚያ ወንድሜን ፈልገው አዩት። «አንተ ና። ለእሷ ያልኩት ቃል ላንተ ሲሆን አጠረብኝ። አፌ አንድ ነው። እኔ እስክጠራህ ድረስ ከደጀ ሰላም አታልፍም። ጾሙንም ስግደቱንም እዚያው ሆነህ። አሁን ውጣ።»

ወንድሜ ወጣ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተከተለችው። ወጣቱ ቄስ ትልቁን ሊያነሷቸው ጎንበስ ሲሉ በዓይናቸው ከለከሏቸው።

እህቴ ግን አልተንቀሳቀሰችም።

«አሁን ያሰናብቱኝ፣ አባ።»

«ፍርድ ሰጠሁሽ እኮ።»

«ፍርድ መቼ ጠየቅኩ? እናቴ ከመጀመሪያው የጠየቀችዎት መሰናበት ነው።»

ትልቁ ቄስ ያጠመቁትን ልጅ ፊት፣ ጥርስ የሌለበትን ቦታ አዩ። «ያልኩት ነገር ትክክል ነበር» አሉ፣ ለእሷ ይሁን ለራሳቸው አልታወቀም። «ለማን እንደምለው ነው ያላየሁት።» በግራ እጃቸው መስቀላቸውን ዘረጉ። «ልጄ ነበርሽ። ተሰናብተሻል።»

ግንባሯን አስነካችው። አልሳመችውም።

ወጣቱ ቄስ ቀኖና ሰጧት። ምን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሆዷ ውስጥ ለነበረው ሳይሆን ለሌላ ነገር እንደሆነ ብቻ ነግራኛለች፤ ማስወረድ ስለተመኘች ይሁን ወንድሟን ስለጠላች አላውቅም። ሁለቱ ቄሶች ዛሬም በአንድ መቅደስ ይቀድሳሉ፣ ዛሬም በዚህ ጉዳይ አይስማሙም። ሕዝቡም ለሁለት ተከፍሎ በየቤቱ ይሟገታል። የእኛም ቤት ሁለት የንስሐ አባት አለው፤ እናቴና ወንድሜ በአንዱ፣ እህቴና እኔ በሌላው። እኔም ሄጄ ተሰናብቻለሁ። እህል የማስፈጨውም ሌላ ወፍጮ ቤት ነው።

ትልቁ ቄስ ወንድሜን እስካሁን አልጠሩትም። እሑድ እሑድ ደጀ ሰላሙ ላይ፣ በሩ መሀል ላይ ይቆማል፤ የእጁ አንጓ ተጣሞ ነው የገጠመው። እህቴ ለረጅም ጊዜ በሌላው በር ትገባ ነበር። ባለፈው እሑድ ግን በእሱ በኩል ሄደች። ከፊቱ ስትደርስ ቆመች። እሱ ቀና አለ፤ የሆነ ነገር ሊል ነበር።

«ጋሼ፣ መንገዱን ዘግተኸዋል» አለችው።

ወደ ጎን ፈቀቅ አለ። ገባች።